በጉንጭ የተያዘ ተምር

ጡረታ ያስወጣችኝ የገዛ ተማሪዬ ናት። ዕድሜዬ ደርሶ ነበር፤ ጉልበቴም ደረጃ ስወጣ ማጉረምረም ከጀመረ ቆይቷል። እኔ ግን ሁሉንም ችላ ብዬ፣ ካርቱም ባለው የኢትዮጵያውያን ትምህርት ቤታችን ሒሳብ ማስተማሬን ቀጥዬ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ሙሉ ክፍል ተማሪና ርእሰ መምህሩ እየሰሙ፣ አንዲት ጥያቄ ጠየቀችኝና በዚያው አበቃሁ። ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ "ምን ዓይነት ደፋር ልጅ ናት!" ይለኛል። እኔ ግን በሥራ ዘመኔ ከሰማሁት ነገር ሁሉ እንደዚያ ጥያቄ ደስ ያሰኘኝ የለም። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ትንሽ ወደኋላ መመለስ ይኖርብኛል።

አሁን የምጽፈው ጎንደር፣ እህቴ ቤት በረንዳ ላይ ሆኜ ነው። ጦርነቱ ካርቱምን ሲያምሳት ሁላችንም ተበታተንን። ተማሪዬ ገዳሪፍ ቀርታ እዚያ ያገኘቻቸውን ልጆች ሰብስባ ታስተምራለች። በስልክ ስንገናኝ ስለ ጠመኔ እጥረት ታማርራለች እንጂ ስለ ራሷ ክፉ ወሬ አውርታ አታውቅም። ስለ ጦርነቱ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም። የኔ ነገር መቀነስ ነው፤ ከአንድ ቁጥር ላይ ሌላ ቁጥር ስለ መቀነስ።

ካርቱም የገባሁት መተማ አካባቢ ጥቂት ካስተማርኩ በኋላ፣ ገና ጢሜ በቅጡ ሳይሞላ ነው። የመኖሪያ ፈቃዱን ጣጣና የደመወዙን ማነስ አልዘረዝርም፤ እዚያ የኖረ ያውቀዋል፣ ያልኖረም አያምነኝም። የመጀመሪያው ርእሰ መምህር አቶ ታደለ ይባላል። ሱዳኖቹ "ሙዲር" ስለሚሉት እኛም ሙዲር እንለው ነበር። ገና እንዳየኝ "ልጆቹ ይወዱሃል፤ ችግሩ ወላጆቹ ናቸው" አለኝ። በሁለቱም ልክ ነበር።

ልጆቹ ይወዱኝ ነበር ስል ጉራ እንዳይመስልብኝ፤ ቢመስልም ግን እውነት ነው። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ሲሰጠኝ መጀመሪያ ያደረግሁት ልጆቹን ወደ ግቢ ማውጣት ነው። የባንዲራውን ምሰሶ ዜሮ አደረግሁት። ከምሰሶው ወደ ኒሙ ዛፍ ያለው ጥላ ፖዘቲቭ፣ ከምሰሶው ወደ በሩ ያለው ፀሐይ ደግሞ ነጋቲቭ ሆነ። "ሦስት ላይ ነህ፤ አምስት ቀንስ!" ስለው ልጁ ከጥላው ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይቆማል። የካርቱምን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ነጋቲቭን በዚህ መንገድ የተማረ ልጅ መቼም እንደማይረሳው ይገባዋል። "ኡስታዝ፣ ደምርልኝ!" እያሉ ይለምኑኝ ነበር፤ መምህር ለማለት ኡስታዝ ነው የሚሉት። ካርቱም ያደጉ ልጆች ደግሞ "እርስዎ" የሚባል ነገር አያውቁም፤ ሕፃን አዋቂውን ሁሉ "አንተ" ብለው ነው የሚጠሩት። መጀመሪያ ላይ ላርማቸው ሞከርኩ፤ በኋላ ግን እኔም ለመድኩት፤ ደስም ይለኝ ጀመር።

ከነዚህ ልጆች መካከል ምሕረት የምትባል ከከተማው ዳር ከሶባ የምትመጣ ልጅ ነበረች። እናቷ ወይዘሮ ዘነቡ ዐማራት በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። ምሕረት የተወለደችው ካርቱም ነው፤ እስከ ስድስተኛ ክፍል ሶባ በሚገኝ የዐረብ ትምህርት ቤት ተማረች። ከዚያ እናቷ "ልጄ አማርኛ ማንበብ ሳትችል ልትቀር ነው" ብላ እኛ ዘንድ አመጣቻት። እንዲህ እንደሷ ከዐረብ ትምህርት ቤት የተዛወሩ ልጆች ጥቂት አልነበሩም። ምሕረት ግን በሁለት ነገር ትለይ ነበር። ግቢ ውስጥ በቃሌ ሳዛት ከሁሉም ቀድማ ትክክለኛው ቦታ ላይ ቆማ የምትጠብቀኝ እሷ ናት። ወረቀት ላይ ደግሞ ከሁሉም የምታንሰው እሷ ናት።

ያኔ ይህ ጉዳይ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። ከዘጠኝ ላይ አራት ቀንሺ ስላት አምስት ትላለች። 9 − 4 ብዬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍላት ግን ደብተሯ ላይ አምስት ትጽፍና ከአምስቱ በስተቀኝ ትንሽ ሰረዝ ታስከትላለች፤ እንዲህ፦ 5 − ። ሌላ ነገር ልትቀንስ ጀምራ የተወችው ይመስለኝ ነበር። 12 ÷ 3 ስላት አንድ አራተኛ ትለኛለች። መደመርና ማባዛት ላይ ግን የሚስተካከላት የለም። ግድየለሽ ናት አልኩ፣ ፈርታ ነው አልኩ፣ ሌላም ብዙ አልኩ።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲመጣ ወደቀች። ፈተናው የምርጫ ነው፤ ፈተና አውጪዎች ደግሞ ምልክት የሚያምታታ ልጅ አይጠፋም ብለው ያን የተሳሳተ መልስ ከምርጫዎቹ አንዱ ያደርጉታል። ምሕረትም ያንን እየፈለገች አጠቆረች። ደገመች። በሁለተኛው ዓመት በየቀኑ ከትምህርት በኋላ እያስቀረሁ አስጠናኋት። ጠረጴዛ መካከላችን አድርጌ ፊት ለፊቷ እቀመጣለሁ፤ እጽፍላታለሁ፣ አሠራታለሁ፣ እቆጣታለሁ፣ አባብላታለሁ። የግማሽ ዓመቱ ፈተና ሲደርስ ከበፊቱ የባሰ አመጣች። እንዲህ ያለ ውድቀት ገጥሞኝ አያውቅም ነበር፤ ምክንያቱም ሳልለፋ የወደቅሁበት አይደለም፣ እየለፋሁ የወደቅሁበት ነው።

ወይዘሮ ዘነቡ ውጤቱን ልትወስድ መጣች። ከሥራ ወጥታ በሁለት ሃፍላ፣ በከተማ አውቶቡስ፣ ተሳፍራ ነው የደረሰችው፤ የነጠላዋ ጠርዝ በአቧራ ቀልቷል።

"ኡስታዝ፣ እርስዎን አልወቅስም" አለችኝ። "እንደርስዎ የለፋላት የለም። ልጄን እግዜር ለዚህ አልፈጠራትም።"

"ወይዘሮ ዘነቡ፣ ልጅሽ ጎበዝ ናት።"

"ጎበዝ ከሆነች ለምን ትወድቃለች?"

የውጤት ወረቀቱን አቀበልኳት።

"የምሠራበት ቤት እመቤቲቱ ልጆቿን የምትይዝላት ትፈልጋለች። ለዘንድሮ ታገሺኝ ብያታለሁ። ዘንድሮም ከወደቀች ኻላስ፣ በቃ፣ ይዣት እገባለሁ። አብረን እንሠራለን።" ይህን ስትል ድምፅዋ አልተሰበረም፤ ሲሰበር የኖረ ስለሆነ ይመስለኛል። ምሕረት በሩ ጋ ቆማ ትሰማለች። ለእናቷ በዐረብኛ "ራሴ ኸርባን ነው፣ ያ እማ፤ ምን ላድርግ?" አለቻት። ተበላሽቷል ማለቷ ነው፤ ለሞተ ሬዲዮ የሚነገር ቃል።

በማግስቱ መምህር ይርጋ ዘንድ ሄድኩ። መምህር ይርጋ ትንንሾቹን ክፍሎች የሚያስተምር፣ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ጀምሮ የነበረ ሽማግሌ ነው። እኛ ወጣቶቹ ቀርፋፋ ነው እያልን እናማው ነበር። ሁለት ልማዶች ነበሩት። አንደኛው፣ ክፍል ውስጥ የመምህር ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። በራችን ላይ ሻይ ከምትሸጠው ሴትዮ አጭር በርጩማ፣ እነሱ በንበር የሚሉትን፣ ተውሶ ይገባና ከልጁ ጎን ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ሁለተኛው ልማዱ ያስቀን ነበር። ልጁ መሥራት ሲጀምር መምህር ይርጋ ከኪሱ ተምር አውጥቶ ጉንጩ ውስጥ ይከታል። አያኝክም። ተምሩ ቀስ እያለ ሟሙቶ ፍሬው ብቻ እስኪቀር ድረስ ቃል አይወጣውም። ጥርስ ስለሌለው ነው እንል ነበር።

ስለ ምሕረት ሁሉን ነገርኩት። አዳመጠኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

"ስታስጠናት የት ነው የምትቀመጠው?"

"ፊት ለፊቷ ነዋ።"

"እህ፤ ዳኛ ነህ በለኛ።"

ተናደድኩ። "ጋሽ ይርጋ፣ መንፈቁን ሙሉ ከሥሯ ሳልነሳ ነው የከረምኩት።"

"ከፊቷ ነው እንጂ ከሥሯ አልነበርክም። ወረቀት ነው የምታየው አይደል? አንብበህ ልክ ነው፣ ስህተት ነው ትላለህ። ወረቀት ምን ያውቃል? እጇን አይተህ ታውቃለህ?"

"እጇን?"

"ነገ ከጎኗ እንቀመጣለን። ይኸው" አለና ከኪሱ ተምር አውጥቶ ሰጠኝ። "ይህ ላንተ ነው። ልጅቷ ስትሠራ አፍህ ውስጥ ክተተው። ጥርስ ስለሌለኝ መስሎህ ነበር? አፌን ላለመክፈት ነው። ስህተቱን ስታየው ልትጮህ ትፈልጋለህ፤ ከጮህክ እጇ ይቆማል፣ ከዚያ በኋላ ምንም አታይም።"

በማግስቱ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ በንበሮቹን አመጣን። መምህር ይርጋ በአንድ ጎኗ፣ እኔ በሌላው ሆንን። ምሕረት በሁለት ሽማግሌ የተያዘች መሰላትና ተሸማቀቀች፤ ምንም እንኳ እኔ ገና ወጣት ብሆን። 9 − 4 ብዬ ጻፍኩላት። ተምሩን ጉንጬ ውስጥ ከተትኩ።

እርሳሷን አነሳች። የእርሳሱ ጫፍ አራቱ ላይ አረፈ። ከዚያ ወደ ግራ ሄዶ ሰረዟን ነካ። ከዚያ ዘጠኙ ላይ ደረሰ።

ከአራት ላይ ዘጠኝ ነበር የምትቀንሰው። ከቀኝ ጀምራ።

ተምሩን ልውጠው ምንም አልቀረኝም። ከበርጩማዬ ተነሥቼ ልጮህ ስል የመምህር ይርጋ እጅ ጉልበቴ ላይ አረፈና ተጫነኝ። ልጅቷ ቀና አላለችም። 20 − 8 − 2 ብሎ እሱ ጻፈላት። እርሳሷ ሁለቱ ላይ አረፈ፤ ስምንቱን ነካ፤ ሃያው ላይ ደረሰ። ሃያ ስድስት ጻፈችና ሰረዟን በስተቀኝ አስከተለች። ያቺ ሰረዝ የተጀመረ ነገር አልነበረችም፤ የነጋቲቭ ምልክት ናት። ከቀኝ ለሚያነብ ሰው ምልክቱ የሚቀመጠው በስተቀኝ ነው። ከሁለት ላይ ስምንት፣ ከዚያም ሃያ የቀነሰ ሰው ደግሞ ነጋቲቭ ሃያ ስድስት ነው የሚያገኘው። አንዲት ስህተት የለባትም!

መምህር ይርጋ ተምሩ እስኪያልቅ ጠበቀ። በመጨረሻ ፍሬውን በመሐረቡ ያዘና "እስቲ አንቺ አስተምሪኝ፤ እኔ አርጅቻለሁ፣ ረስቼዋለሁ። ከየት ነው የሚጀመረው?" አላት።

"ከዚህ" አለች ቀኙን እያሳየች። "ሒሳብ ከየሚን አይደል?"

"ማን አስተማረሽ?"

"መድረሳ፣ ሶባ። ኪታቡ ሁሉ ከየሚን ነው።" ከዚያ ወደኔ ዞረች። "ኡስታዝ፣ አንተ ከዚህ ነው የምትጀምረው? ከግራ?"

"ከግራ ነው፣ ምሕረት።"

"ዋላሂ?"

"አዎ።"

በስተግራ ያለውን ቁጥር በጣቷ ነካችው። "ታዲያ ራሴ... ኸርባን አይደለም?" አለችኝ።

አለቀስኩ። አላፍርበትም፤ እየሳቅሁ ነው ያለቀስኩት። የዐረብ ትምህርት ቤት ሒሳብ ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚጻፍ ካርቱም ውስጥ የማያውቅ የለም፤ እኔም መጽሐፎቻቸውን አይቻለሁ። ነገር ግን ልጅቷ ቁጥሩን እኛ በምንጽፈው ከግራ ወደ ቀኝ አሳምራ ስለምትገለብጠው፣ ዓይኗ ከቀኝ እንደሚነሳ ማን ይጠርጥር? ፊት ለፊቷ ተቀምጬ የከረምኩበት መንፈቅ ደግሞ ዓይኔን ጋርዶኝ ነበር። ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው የእሷ ቀኝ የእኔ ግራ ነው። እርሳሷ ከቀኝ ሲነሳ ለኔ ከግራ የተነሳ መስሎ ይታየኝ ነበር፤ ፍጹም ትክክል።

ያን ቀን ከሰዓት የግማሽ ዓመቱን ፈተናዋን ከቀኝ ጀምሬ አረምኩት። ክፍሉ ውስጥ እሷን የሚበልጥ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደስታ ነው። በማግስቱ ክፍሉን ሁሉ "ከቀኝ የሚጀምር እጁን ያውጣ" አልኩ። መጀመሪያ ምሕረት አወጣች። ቀጥሎ አንድ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ፤ ከዐረብ ትምህርት ቤት የመጣ ሁሉ እጁን አወጣ። በትንሹም በትልቁም እንደሷ ሲጎዱ ኖረዋል። "የናንተ ስህተት ነው" አላልኳቸውም። ሰሌዳውን መሐል ለመሐል በጠመኔ ከፈልኩት። በቀኙ በኩል ምሕረት በዐረብኛ ቁጥር ከቀኝ ጀምራ ጻፈች፤ በግራው በኩል እኔ በኛ ቁጥር ከግራ ጀመርኩ። ያንኑ ሒሳብ እየሠራን ሁለታችንም ወደ መሐሉ መስመር መጣን፤ እሷም እኔም አምስት ላይ ደረስን። ልጆቹ አጨበጨቡ። ከኋላ የተቀመጠ አንዱ "ቤቱ አንድ ነው፣ በሩ ነው ሁለት!" ብሎ ጮኸ። እንደዚያ ያለ ማጠቃለያ እኔ አልሠራም ነበር።

ቀስት ያመጣነው ያን ቀን ነው። ማንኛውንም ሒሳብ ከመሥራት በፊት በላዩ ላይ ትንሽ ቀስት ማስመር፤ ከየት ተነሥቼ ወዴት እሄዳለሁ የሚል። ለዐረብኛው ወደ ግራ፣ ለኛው ወደ ቀኝ። ይኸው ነው። ይህችን ታህል ነገር ነበር ያ ሁሉ ልጅ ያጣው።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ቀን እኔ ውጪ ኒሙ ሥር ቆሜ ጥፍሬን እበላለሁ። በኋላ የሰማሁት ነው፦ ከሌላ ቦታ የመጣው ፈታኝ በምሕረት ወረቀት ላይ በየጥያቄው አናት ቀስት ሲያይ ለጓደኛዋ ምልክት የምትሰጥ መሰለውና ወረቀቱን ሊነጥቃት እጁን ሰደደ። ልጅቷ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ "ኡስታዝ፣ ይህ መንገድ ነው። ካላደረግሁት ወደ ቤቴ እመለሳለሁ" አለችው። ዓይኗ ወደ ለመደው ቀኝ እንደሚመለስ መናገሯ መሆኑ አልገባውም። ሙዲር ተጠርቶ መጣና አስረዳው፤ ሰውየውም "እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም" እያለ ተዋት። የቀረውን ሰዓት ግን ከጎኗ አልተንቀሳቀሰም አሉ። ምናልባት እጇን እያየ ይሆናል።

ውጤት የመጣ ቀን ወይዘሮ ዘነቡ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ከዐማራት መጣች። አንድ ሰው ደውሎ ነግሯታል። ገና ከበሩ ሳትገባ እልልታዋ ቀደመን። ሻይ ሻጯ ሴትዮም ነገሩ ሳይገባት ተቀበለቻትና ግቢው በሁለት ቋንቋ እልልታ ተሞላ። ምሕረት በሒሳብ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጥታ ነበር።

"ኡስታዝ" አለችኝ እናትየው ትከሻዬን ይዛ፣ ሴት መሆኗን ወንድ መሆኔን ረስታ፣ "እመቤቲቱን ሌላ ሰው ፈልጊ አልኳት! ልጄ አትመጣም አልኳት! 'ለምን?' ስትለኝ ምን አልኳት መሰለዎ? 'ልጄ ሒሳብ ትችላለች' አልኳት።" ይህን ደጋግማ ነገረችኝ። በነገረችኝ ቁጥር አዲስ ነበር።

ሙዲሮች ሲለዋወጡ ኖረዋል። አንዱ ቀስቱን "ምን የሚሉት ጭረት ነው" ብሎ ሊያስቀር ሞከረ፤ ልጆቹ እምቢ አሉት። ዓርብ ዓርብ ኦምዱርማን እየሄድኩ ለመንገደኛ ወጣቶች የማስተምርበት ዘመንም ነበር። የቀን ሥራ እየሠሩ ወደ ሌላ አገር ለመሄድ የሚጠባበቁ ልጆች ናቸው። ዛሬ ያለው ለሚቀጥለው ዓርብ ስለማይኖር፣ እያንዳንዱን ትምህርት በራሱ ጀምሮ የሚያልቅ አድርጌ ማዘጋጀት እዚያ ተማርኩ። መምህር ይርጋ በዕድሜ ጠግቦ አረፈ። ሲቀበር ኪሱ ውስጥ ተምር እንደነበረ የነገሩኝ የገነዙት ሰዎች ናቸው። የተዋሰውን በንበር ግን ሻይ ሻጯ መልሳ አልጠየቀችንም።

ምሕረት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሒሳብ ተማረች፤ በዐረብኛ፣ እንደገና ከቀኝ። ጨርሳ ወደ ትምህርት ቤታችን መምህርት ሆና መጣች። የመጀመሪያ ቀን ስትገባ በአንድ እጇ ቦርሳ፣ በሌላው የተምር ከረጢት ይዛ ነበር።

እንግዲህ የዚያችን ወጣት መምህርት አሠራር ለማየት ብዙ ጊዜ ከኋላ ወንበር እቀመጥ ነበር። ከኔ ትበልጣለች፤ ይህንን በቀና ልብ ነው የምናገረው፣ ትንሽም ብቀና። እኔ ልጆቹን አስቃቸው ነበር፤ እሷ ልጆቹ እሷን እንዲያስቋት ታደርጋለች። ጥያቄ አውጥቶ እሷን የሚፈትን ልጅ በየሳምንቱ ይመደባል፤ ስትሳሳት ክፍሉ ይናወጣል። ከአገር ቤት አዲስ የመጣውን ከዐረብ ትምህርት ቤት ከመጣው ጋር ታጣምርና አንዱ ለሌላው በራሱ አቅጣጫ እንዲያስረዳ ታደርጋለች። "ጫጫታው በዛ" ብዬ ስቆጣት "ኡስታዝ፣ እየተከራከሩ ነው፤ ይተዉአቸው" ትለኛለች። በአዋቂነቷ "እርስዎ" ማለት ለምዳለች፤ ስትቸኩል ግን የጥንቱ "አንተ" ያመልጣታል።

ያቺ የመጨረሻዋ ቀን የመጣችው እንዲህ ነው። አዲሱ ሙዲር ወጣት መምህራን ከኔ እንዲማሩ ሞዴል ትምህርት ስጥ አለኝ። የመምህር ጋዋኔን ለብሼ፣ ጠመኔዬን ይዤ ገባሁ። ሙዲሩና መምህራኑ ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ምሕረትም እዚያው ናት። አምሮብኝ ነበር። ልጆቹን አሳቅኋቸው፣ የኒሙንና የፀሐዩን ታሪክ ነገርኳቸው፤ መምህራኑ ሲጽፉ አያለሁ። በመጨረሻ ሰሌዳው ላይ 6 − 6 + 9 ብዬ ጻፍኩና "ያላ፣ ሥሩ!" አልኩ። በመካከላቸው እያለፍኩ ደብተራቸውን አያለሁ። በዚያ ሳምንት ከዐረብ ትምህርት ቤት ከመጣች አንዲት ዝምተኛ ልጅ ጋ ደረስኩ። ዘጠኝ ብላ ጽፋለች።

"ሙምታዝ፣ ጎበዝ!" አልኩና ራሷን ዳበስ አድርጌ አለፍኩ።

ከኋላ የምሕረት ድምፅ መጣ። "ኡስታዝ፣ እጇን አይተኸዋል?"

ሙዲሩ በ"አንተ"ው ደንግጦ ዞር አለ። መምህራኑ እስክሪብቷቸውን አቆሙ። የእኔ ዓይን ደግሞ ሰሌዳው ላይ ቀረ። ከስድስት ላይ ስድስት ቀንሰህ ዘጠኝ ብትደምር ዘጠኝ ነው። ከቀኝ ጀምረህ ለዘጠኝ ስድስት ደምረህ ስድስት ብትቀንስም ዘጠኝ ነው። ከየትም ብትመጣበት የማያጋልጥ ጥያቄ በገዛ እጄ ጽፌ፣ ትክክለኛ መልስ አይቼ ማለፌ ነው። ልክ የሆነ ወረቀትም እንደሚሸሽግ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን አስቤው አላውቅም ነበር። እሷ አሰበችው።

"አላየሁም" አልኩ።

እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ጡረታ ልውጣ ያልኩት እዚያው፣ ያንን ቃል እየተናገርኩ ነው፤ ማመልከቻው በኋላ የመጣ ወግ ነው።

ምሕረት የመምህር ይርጋን በንበር ከጥግ አንሥታ ከልጅቷ ጎን አስቀመጠች። ለኔም ሌላ አመጣችልኝ። ጉልበቴ እያጉረመረመ ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ከኪሷ ሁለት ተምር አወጣች፤ አንዱን የራሷ ጉንጭ ውስጥ ከተተች፣ ሌላውን ለኔ ዘረጋችልኝ። ተቀበልኩ። ከዚያ የልጅቷ ደብተር ላይ 20 − 8 − 2 ብላ ጻፈችላት።

ልጅቷ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየችና እርሳሷን አነሳች። የእርሳሱ ጫፍ በስተቀኝ፣ ሁለቱ ላይ አረፈ።

ልነሣ ስል የምሕረት እጅ ጉልበቴ ላይ አረፈና ተጫነኝ። ተምሩ አፌ ውስጥ ነበር፤ ዝም አልኩ።